መለዋወጫ ከውጭ ስታዝዙ በር ድረስ ስንት ይደርሳል? የአምስት መንገዶች ንጽጽር

ባለፈው ዓመት የቶዮታ ያሪስ መኪናዬ የግራ የፊት መብራት ተሰበረ። ከገላን ተነስቼ አዲስ አበባ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ድረስ ሄድኩ፤ የተጠራልኝ ዋጋ አናደደኝ። ማታ ስልኬ ላይ ስፈልግ ያው መብራት ቻይና ውስጥ በ55 ዶላር ተለጥፎ አገኘሁ። «ለካ እንዲህ ነው የሚበሉን!» ብዬ እንደ ዲኤችኤል ባለ ፈጣን መልእክት ድርጅት በኩል እንዲመጣ አዘዝኩ። መብራቱ በሰላም መጣ፤ ሒሳቡም ተከትሎት መጣ። ጭነቱ ብቻውን ከመብራቱ ዋጋ በለጠ። ቀረጥና ታክሱ ደግሞ የተሰላው በመብራቱ ዋጋ ላይ ጭነቱ ተደምሮ ነው። ሁሉንም ስደምረው ሶማሌ ተራ የጠሩልኝን ዋጋ አልፎ ሄደ። የሶማሌ ተራው ሰውዬ ቢያንስ ባትሪ ላይ ሰክቶ አብርቶ ሊያሳየኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጋራዡ ደጃፍ ላይ «ከውጭ ላስመጣው ወይስ እዚሁ ልግዛ?» የሚል ሰው ሲመጣ መካኒኩ «እሱን ጠይቀው፣ እሱ ከፍሎ ተምሯል» እያለ ወደ እኔ ይልከዋል። ጠያቂውም በዝቷል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ካገደ በኋላ ያሉት መኪኖች እየተጠገኑ መቆየት አለባቸው። አዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ አንድ ስፖኪዮ ሲሰበርባቸው መርካቶ ተዞሮም የማይገኝበት ጊዜ አለ። በዚህ ላይ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ድሮ «ሃያ ዶላር ናት» ተብላ የምትታለፍ የጭነት ልዩነት ዛሬ የቤት አስቤዛ ትነካለች።

በምን እንመዝናቸው?

መንገዶቹን አንድ በአንድ ከማየታችን በፊት መለኪያውን እናስቀምጥ። እኔ የምጠይቀው አምስት ነገር ነው።

የመጀመሪያው በር ድረስ ያለው ዋጋ ነው፤ ማለትም ዕቃው ጋራዡ ጠረጴዛ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ከኪሴ የወጣው ሁሉ። ሁለተኛው ቀረጡን ማን፣ በማን ስም ይከፍላል፣ ደረሰኙስ ለማን ይሰጣል የሚለው ነው። ሦስተኛው ጊዜ ነው፤ መኪናዋ ቆማ በምታሳልፈው ቀን ስንት እናጣለን? አራተኛው፣ ዕቃው ሳይገጥም ቢቀር ምን ይሆናል? አምስተኛው የዕቃው ቅርጽና ባሕርይ ነው፤ ትልቅ ግን ቀላል ነው? ትንሽ ግን ከባድ ነው? አውሮፕላን ላይ የሚከለከል ነው?

ብዙ ሰው የሚያወዳድረው ሻጩ የጻፈውን ዋጋ ከሱቁ ዋጋ ጋር ነው። እኔም ያደረግኩት እሱን ነው። ሁለቱ ግን አይወዳደሩም፤ የሱቁ ዋጋ መንገዱንና ቀረጡን ጨርሶ የመጣ ዋጋ ነው፣ ስልክ ላይ ያየነው ዋጋ ገና ከቻይናዋ ጓንዡ አልተነሳም።

ታክሱ የሚወጣበት ደረጃ

ይህን ክፍል የምታነቡት ካልኩሌተር ይዛችሁ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ ነው የሚቀዳው።

ጉምሩክ መነሻ የሚያደርገው የዕቃውን ዋጋ፣ ጭነቱንና ኢንሹራንሱን ደምሮ ነው። የጉምሩክ አስተላላፊዎቹ «ሲአይኤፍ» የሚሉት ይህን ነው። በእሱ ላይ የጉምሩክ ቀረጥ ይጣላል። ኤክሳይዝ ያለበት ዕቃ ከሆነ በሲአይኤፍና በቀረጡ ድምር ላይ ይታሰባል። ከዚያ እስካሁን በተደመረው ሁሉ ላይ 15 በመቶ ቫት፤ ቫቱም ተደምሮ በዚያ ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ። ከ2014 ዓ.ም ጀምሮ ሶሻል ዌልፌር የሚባል 3 በመቶም ተጨምሯል፤ እሱ የሚሰላው በሲአይኤፍ ላይ ብቻ ነው። ለንግድ የሚያስገባ ሰው በተጨማሪ 3 በመቶ ዊዝሆልዲንግ ይከፍላል፤ ይህኛው ግን በዓመቱ መጨረሻ ከትርፍ ግብሩ ላይ የሚታሰብለት ቅድመ ክፍያ ነው።

ምሳሌ እንሥራ። ዕቃው 10,000 ብር፣ ጭነትና ኢንሹራንሱ 6,000 ብር፣ ቀረጡ 20 በመቶ ነው እንበል፤ ኤክሳይዝ የለበትም።

ሲአይኤፍ 16,000 ብር። ቀረጥ 3,200፤ ድምሩ 19,200። ቫት 2,880፤ ድምሩ 22,080። ሱር ታክስ 2,208። ሶሻል ዌልፌር 480። ጠቅላላው 24,768 ብር። ያ የ10,000 ብር ዕቃ ነው።

አሁን ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትተን ጭነቱን ብቻ ወደ 2,000 ብር እናውርደው። ሲአይኤፍ 12,000 ይሆናል፤ መጨረሻው 18,576 ብር። በጭነት የቀነስነው 4,000 ብር ነው፣ ከኪሳችን የቀረው ግን 6,192 ብር። በ20 በመቶ ቀረጥ እያንዳንዱ የጭነት ብር 1 ብር ከ55 ሳንቲም ሆኖ ነው የሚደርሰን። «ጭነቱ ትንሽ ወደድ ይላል፣ ግን ቶሎ ይደርሳል» የሚለው ሻጭ ይህን አያውቅም፤ ማወቅም የእሱ ሥራ አይደለም።

ለሌሎቹ የቀረጥ መጠኖች ሲአይኤፉን የምታባዙበት ቁጥር ይኸውላችሁ፤ ኤክሳይዝና ዊዝሆልዲንግ አልገቡበትም፦ 5 በመቶ ከሆነ በ1.36፣ 10 በመቶ ከሆነ በ1.42፣ 20 በመቶ ከሆነ በ1.55፣ 30 በመቶ ከሆነ በ1.67፣ 35 በመቶ ከሆነ በ1.74።

የእናንተ ዕቃ ስንት በመቶ እንደሚከፍል የሚወስነው የታሪፍ ቁጥሩ ነው። «የመኪና መለዋወጫ» የሚባል አንድ መስመር ታሪፉ ውስጥ የለም። ባምፐር፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮንና የመሪ ክፍሎች ብዙውን ጊዜ በ87.08 ሥር ይገባሉ። ፊልትሮ 84.21 ነው፤ ኩሽኔታ 84.82፤ ካንዴላ 85.11፤ የፊት መብራት 85.12፤ ባትሪ 85.07፤ ጎማ 40.11። መቶኛው ከቁጥር ቁጥር ስለሚለያይ፣ ከማዘዛችሁ በፊት ለአንድ የጉምሩክ አስተላላፊ ደውላችሁ «ይህ ዕቃ በየትኛው ቁጥር ነው የምታስገባው? ቀረጡስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ኢንቮይሱ ላይ የዕቃውን ስም በደንብ እንዲጽፍም ንገሩት። «መለዋወጫ» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ዕቃ ፈታሹ እንደገመተው ነው የሚመደበው።

ሻጮች በደግነት የሚያቀርቡት አንድ ነገር አለ፤ «ዋጋውን 10 ዶላር ብዬ ልጻፍልህ?» ይላሉ። አትቀበሉ። ጉምሩክ የራሱ የዋጋ መረጃ አለው፤ ያልተዋጠለትን ዋጋ ጥሎ በራሱ ያሰላል፣ ቅጣትም ሊከተል ይችላል። ዕቃው መንገድ ላይ ቢጠፋ ደግሞ ካሳ የምትጠይቁት በዚያችው 10 ዶላር ነው።

አንደኛ፦ እዚሁ መግዛት

ይህ መነሻችን ነው። ሶማሌ ተራ ያገለገለውም አዲሱም አለ፤ ተክለሃይማኖት አካባቢ ያሉ ሱቆች ደግሞ በብዛት አዲስ ይይዛሉ። ዋጋው ላይ ተጨማሪ ክፍያ የለም፤ በእጃችሁ ትነኩታላችሁ፤ አሮጌውን አውጥታችሁ ጎን ለጎን ታስተያያላችሁ። ካልገጠመ ነጋዴው ፊቱን ቢያጠቁርም፣ ዕቃው ካልተነካካ ብዙውን ጊዜ ይለውጣል። «ከገጠመ ይቀራል፣ ካልገጠመ እመልሳለሁ» የሚለውን ቃል ከመክፈላችሁ በፊት አስገቡ እንጂ።

ፍሬን ሸራ፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ለኮሮላና ለቪትዝ የሚሆን ማንኛውንም ቶሎ የሚያልቅ ዕቃ ከውጭ ማዘዝ ድካም ነው። እነዚህን ነጋዴው በኮንቴይነር ስለሚያመጣቸው የአንዱ ጭነት ሳንቲም ነው፤ እናንተ በፍሬ ስታመጡት በምንም ስሌት አትደርሱበትም።

የዚህ መንገድ ጉድለት ጥራቱ ነው። «ኦሪጅናል» የሚለው ቃል እንደየሱቁ ይለያያል። አንዳንዱ ጋ የፋብሪካው ዕቃ ማለት ነው፣ አንዳንዱ ጋ ካርቶኑ ጥሩ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛ፦ ፈጣን መልእክት

ዲኤችኤልና መሰሎቹ ማለቴ ነው። ፍጥነቱ አይካድም፤ ወረቀቱም ንጹሕ ነው፤ ቀረጡ በስማችሁ ይከፈላል፣ ደረሰኙም በእጃችሁ ይገባል። ችግሩ ክብደቱ የሚለካበት መንገድ ላይ ነው።

የፈጣን መልእክት ድርጅቶች ካርቶኑን በሚዛንም በሜትርም ይለኩታል፤ የሚያስከፍሉት በበለጠው ነው። ርዝመት፣ ስፋትና ቁመቱ በሴንቲሜትር ተባዝቶ ለ5,000 ይካፈላል። የእኔ መብራት ካርቶን 72 በ42 በ40 ነበር፤ ሲሰላ 24 ኪሎ ይወጣዋል። ሚዛን ላይ 4 ኪሎ አይሞላም! የ20 ኪሎ አየር ከሼንዘን አስጭኜ አመጣሁ ማለት ነው፤ ለአየሩም ቀረጥ ከፈልኩ።

ባምፐር ይብሳል። 160 በ50 በ40 የሆነ ካርቶን 64 ኪሎ ይታሰባል። በተቃራኒው የሞተር ኮምፒውተር፣ ሴንሰር፣ የነዳጅ መርጫ ኖዝል ትንንሽና ውድ ስለሆኑ ጭነታቸው ከዋጋቸው አንጻር ትንሽ ነው። ይህ መንገድ ለእነሱ የተሠራ ይመስላል። ዕቃው መዳፍ ላይ የሚቀመጥና ውድ ከሆነ በፈጣን መልእክት፤ ሁለት እጅ የሚፈልግ ከሆነ ቆም ብላችሁ አስቡ።

ከኪሎው ሌላ ሒሳቡ ላይ ብቅ የሚሉ መስመሮች አሉ። የነዳጅ ጭማሪ አለ፤ መቶኛው በየጊዜው ይቀያየራል። ድርጅቱ ቀረጡን ቀድሞ ከፍሎላችሁ ከሆነ ለዚያ አገልግሎት ያስከፍላል። ወረቀት ጎድሎ ዕቃው መጋዘን ከቆየ የመጋዘን ክፍያ ይቆጥራል። ለእኛ ለከተማ ዳር ሰዎች ደግሞ «ሩቅ አካባቢ» የሚል ጭማሪ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ አድራሻ ስትሞሉ ቢሯቸው ሄዳችሁ እንደምትወስዱ መጻፍ ይሻላል።

በኢትዮጵያ ፖስታ የሚመጣው ኢኤምኤስ ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ይረክሳል፣ ይዘገያልም። ለትንሽና ለማያስቸኩል ዕቃ ጥሩ ነው፤ ቀረጡ ግን ያው ነው።

ሦስተኛ፦ የካርጎ ሰብሳቢዎች

ጓንዡና ዱባይ መጋዘን ያላቸው፣ የብዙ ሰው ዕቃ አንድ ላይ ሰብስበው የሚያመጡ ናቸው። ሻጩ ዕቃውን እነሱ መጋዘን ያደርሳል፤ እናንተ አዲስ አበባ ትረከባላችሁ። በአየር ከሆነ በኪሎ፣ በባሕር ከሆነ በኪዩቢክ ሜትር ይጠሩላችኋል።

በአየር የሚሰበስቡት ካርቶኑን ብዙውን ጊዜ ለ6,000 ነው የሚያካፍሉት፤ ያ የ64 ኪሎ ባምፐር ወደ 53 ይወርዳል። አንዳንዶቹ በሚዛን ብቻ ያስከፍላሉ፤ እንዲህ ያለ ሰው ካገኛችሁ ስልኩን አትጣሉ። በባሕር ሲሆን ያው ባምፐር 0.32 ኪዩቢክ ሜትር ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ «ትንሹ የምታስከፍለው ስንት ነው?» ብዙዎቹ ከአንድ ኪዩቢክ ሜትር በታች አይቆርጡም፤ 0.32 አምጥታችሁ የ1 ትከፍላላችሁ። ሁለተኛ፣ ጂቡቲና ደረቅ ወደብ ላይ ያሉት የሰነድ፣ የማራገፊያና የመጋዘን ክፍያዎች በተጠራው ዋጋ ውስጥ ገብተዋል ወይ? እነዚህ ክፍያዎች ካርቶኑ ስላነሰ አያንሱም።

ዋናው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ሰብሳቢው «ቀረጥን ጨምሮ በኪሎ ይህን ያህል» ሲል ጆሮ ደስ ይለዋል፤ አንድ ቁጥር፣ ያለ ራስ ምታት። ጠይቁት፦ ዲክላራሲዮኑ፣ ማለትም ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ መግለጫ ሰነድ፣ በማን ስም ነው? ደረሰኝ ትሰጠኛለህ? መልሱ «አታስብ፣ የእኛ ጉዳይ ነው» ከሆነ፣ ያ የረከሰው ዋጋ የረከሰበት ምክንያት ሳይከፈል የቀረ ቀረጥ ሊሆን ይችላል። ዕቃው ቢያዝ ገንዘባችሁን የሚመልስ የለም። ቫት የተመዘገበ ጋራዥ ደግሞ በስሙ ያለ ዲክላራሲዮን ከሌለው በግዢ የከፈለውን ቫት አያቀናንስም፤ ርካሽ ያለው ዕቃ 15 በመቶ ይወደድበታል።

ጊዜው በአየር ሳምንታት ነው። በባሕር እኔ ያየሁት ከአንድ ወር ተኩል በታች ሆኖ አያውቅም፤ ሦስት ወር የጠበቀም አውቃለሁ። ሰብሳቢው «በዚህ ቀን ይደርሳል» ሲል ኮንቴይነሩ መቼ እንደሚሞላ ጠይቁት፤ ካልሞላ አይነሳም።

ገላን ለምንኖር ሰዎች አንድ የሚያስቅም የሚያናድድም ነገር አለ። ከጂቡቲ የሚመጡት ተሳቢዎች በዱከም በኩል በራችን ላይ አልፈው ነው ቃሊቲ የሚገቡት። ዕቃዬ በመስኮቴ ሥር አልፎ ሄዶ፣ ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ ባጃጅ ተከፍሎለት ተመልሶ ይመጣል።

አራተኛ፦ በመንገደኛ ሻንጣ

ዱባይ የሚመላለስ ዘመድ፣ ወይም በኪሎ የሚያመጣ ሰው። ለአንድ ሴንሰር ወይም ለአንድ የመስኮት ሞተር ከዚህ የቀለለ የለም። ካርቶኑ ተጥሎ ዕቃው ልብስ መሀል ስለሚገባ አየር አትከፍሉም፤ አንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ነው፣ ትርፉ በሚዛን ይታያል።

ነገር ግን ተጓዥ ይዞት የመጣ ሁሉ ከቀረጥ ነጻ አይደለም። ለግል መገልገያ የማይመስል ወይም ብዛት ያለው ዕቃ ቦሌ ላይ ይቀረጣል፤ አራት አንድ ዓይነት ሾክ አብሶርበር የያዘ ሰው «የራሴ ነው» ቢል ማን ያምነዋል? ዘመዳችሁን ምን እያስያዛችሁት እንደሆነ በግልጽ ንገሩት፤ ቀረጥ ከመጣም እናንተ እንደምትከፍሉ ቀድማችሁ ተናገሩ። በአደራ የመጣ ዕቃ ያቀያየመው ቤተሰብ ጥቂት አይደለም።

በሻንጣም በአየር ካርጎም አስቸጋሪ የሆኑ ዕቃዎች አሉ። ኤርባግ ፈንጂነት ስላለው፣ ጋዝ ያለው ሾክ አብሶርበር ግፊት ስላለው፣ ነዳጅ የነካው ያገለገለ ፖምፕ የነዳጅ ትነት ስላለው በአደገኛ ዕቃነት ይመደባሉ። ለብቻው የሚላክ ሊቲየም ባትሪ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንገደኛ አውሮፕላን እንደ ካርጎ አይጫንም፤ በጭነት አውሮፕላንም ቢሆን ከ30 በመቶ በላይ ቻርጅ ሊኖረው አይገባም። የኤሌክትሪክ መኪና ዋና ባትሪ ያሰባችሁ ሰዎች መንገዳችሁ ባሕር ነው።

አምስተኛ፦ በመደበኛ አስመጪ በኩል

የአስመጪ ፈቃድ ያለው ሱቅ ወይም ጋራዥ በስሙ እንዲያመጣላችሁ ማዘዝ ነው። ፕሮፎርማ፣ የባንክ ክፍያ፣ የአስተላላፊ ክፍያ፣ ጫኝና አውራጅ፣ ሁሉም መስመር በመስመር ይታያል፤ ለአንድ ዕቃ ብቻ ሲሆን እነዚህ ዕቃው ስላነሰ የማይቀንሱ ወጪዎች ዕቃውን ይውጡታል። ስለዚህ ለብቻ የሚሆን አይደለም። አስመጪው በራሱ ኮንቴይነር ላይ የእናንተን ከጨመረላችሁ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ጭነቱም ይረክሳል፣ ደረሰኝም አላችሁ፣ ዕቃው ባይገጥም የምትይዙት ሰው አዲስ አበባ ውስጥ አለ። ቅድመ ክፍያ ስትሰጡ የዶላሩ ዋጋ ቢለወጥ ልዩነቱን ማን እንደሚችለው በወረቀት ይጻፍ።

ስለ ናይሮቢ የሚጠይቀኝም አለ፤ በሞያሌ በኩል። ኪሪንያጋ ጎዳና ላይ የሌለ መለዋወጫ የለም፤ ዋጋውም ይስባል። ኬንያ ግን መሪው በቀኝ ነው። የፊት መብራት፣ የመሪ ሳጥን፣ ዳሽቦርድ፣ የዝናብ መጥረጊያ ክንድ ከዚያ አይገዛም። ጎረቤቴ ገዝቶ ነበር፤ መብራቱ ልክ ገጠመለት፣ ማታ ሲያበራው ግን የሚያየው መንገዱን ትቶ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ነው። ሞተርና እገር ላይ ያለ ዕቃ ከሆነ ግን ችግር የለውም፤ ድንበር ላይ ቀረጡን እስከከፈላችሁ ድረስ።

የማይገጥም ዕቃ

ከሁሉም ተጨማሪ ክፍያ ትልቁ ይኸኛው ነው፤ በየትኛውም ሒሳብ ላይ ግን አይጻፍም። ዕቃ ወደ ቻይና መመለስ ማለት ጭነቱን ሁለተኛ መክፈል ነው፤ የተከፈለውን ቀረጥ ማስመለስ ደግሞ ለአንድ ካርቶን የሚደከምበት አይደለም። ስለዚህ ያልገጠመ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። የእኛ ጋራዥ ግድግዳ ላይ ሦስት ስፖኪዮ ተሰቅሏል፤ አንዱም የማንም መኪና አይደለም።

ከማዘዛችሁ በፊት አሮጌው ዕቃ ላይ የተጻፈውን የክፍል ቁጥር አንብቡ፣ ፎቶ አንሱ፣ ለሻጩ ከነሻንሲ ቁጥሩ ላኩ። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪኖች እንደሌሎቹ 17 አኃዝ ያለው ቁጥር የላቸውም፤ እንደ «ኬኤስፒ90» ባለ ሞዴል የሚጀምር አጠር ያለ የሻንሲ ቁጥር ነው ያላቸው፣ የሻጩም ድረ ገጽ አይቀበለውም። መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረች መኪና ከሆነች ደግሞ ሻንሲው የሚናገረው ሌላ፣ መኪናዋ ላይ ያለው ሌላ ነው። ሊብሬውን ትታችሁ ዕቃውን እመኑ።

ባጭሩ ለማየት

| መንገድ | ተጨማሪ ወጪው የት ይደበቃል | ጊዜ | ደረሰኝ | ባይገጥም | የሚሆነው ለ |
|---|---|---|---|---|---|
| እዚሁ መግዛት | ጥራቱ ላይ | በዕለቱ | ከሱቁ | ይለወጣል | ቶሎ የሚያልቅ ዕቃ |
| ፈጣን መልእክት | የካርቶኑ ስፋት፣ የነዳጅ ጭማሪ፣ የቀረጥ ማስፈጸሚያ | ቀናት | አለ፣ በስማችሁ | ከባድ ነው | ትንሽና ውድ ዕቃ |
| ካርጎ በአየር | ለስንት እንደሚያካፍሉ፣ ያልተከፈለ ቀረጥ | ሳምንታት | ጠይቁ | ከባድ ነው | መካከለኛ ዕቃ |
| ካርጎ በባሕር | ትንሹ ኪዩቢክ ሜትር፣ የወደብ ክፍያ | ወራት | ጠይቁ | አይታሰብም | ትልቅ፣ በጋራ የታዘዘ |
| በመንገደኛ | ቦሌ ላይ የሚመጣ ቀረጥ | እንደ ጉዞው | የለም ማለት ይቻላል | ሰውየው ተመልሶ ከሄደ | አንድ ትንሽ ዕቃ |
| በአስመጪ | የባንክና የአስተላላፊ ክፍያ፣ የምንዛሪ ለውጥ | ወራት | አለ፣ ሙሉ | የምትጠይቁት ሰው አለ | ለጋራዥ፣ ለብዛት |

ከተማ ዳር ለምንኖር ሰዎች ሠንጠረዡ ላይ የሌለች አንዲት ዓምድ አለች፤ የመጨረሻዋ መንገድ። መረከቢያው ብዙውን ጊዜ ቦሌ ወይም መርካቶ ነው። ሴንሰር በኪስ ይመጣል፤ ባምፐር ግን ታክሲ አያስገባውም። ከመርካቶ ሰበታ ወይም ለገጣፎ ድረስ መኪና መከራየት የዕቃውን ጥቅም ሊበላው ይችላል። መኪናዋ የምትነዳ ከሆነች ዕቃውን ወደ እሷ ከማምጣት እሷን ወደ ዕቃው መውሰድ ይቀላል።

የትኛው ለማን?

በመኪናው እንጀራ የሚበላ ሰው፣ የሚኒባስም ሆነ የራይድ፣ ስሌቱን ከቆመበት ቀን ይጀምር። በቀን የሚያገኘውን በመጠበቂያው ቀን ያባዛው፤ እዚሁ ያለው ዕቃ እጥፍ ዋጋ ቢኖረውም ብዙ ጊዜ ይረክስለታል። እዚህ ፈጽሞ ከሌለና ትንሽ ከሆነ በፈጣን መልእክት ያስመጣ፤ ባሕርን አያስብ።

መኪናውን ቅዳሜና እሁድ የሚያወጣ፣ መጠበቅ የሚችል ሰው የካርጎ ሰብሳቢ ይሻለዋል፤ ደረሰኝ የሚሰጠውን መርጦ። በጀቱ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ሶማሌ ተራ ያለ ያገለገለ የፋብሪካ ዕቃ ከቻይና ከመጣ አዲስ ኮፒ ሲበልጥ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ በተለይ መብራትና የኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ።

ጋራዥ ያላችሁ፣ ቫት ከተመዘገባችሁ፣ በስማችሁ ዲክላራሲዮን የሌለው ዕቃ አትንኩ። የደንበኞቻችሁን ትዕዛዝ ለሁለት ወር አጠራቅማችሁ በአንድ ጭነት ብታመጡ እነዚያ የማይቀንሱት ክፍያዎች ለብዙ ዕቃ ይከፋፈላሉ።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ በእኔ ግምት ምርጫችሁ ጠባብ ነው። እዚህ ያለው ክምችት ገና ትንሽ ስለሆነ ብዙ ነገር ማዘዛችሁ አይቀርም። አንድ ዓይነት መኪና የያዛችሁ አራት አምስት ሰዎች ተሰባስባችሁ አንድ ኪዩቢክ ሜትር ሙሉ፤ ባምፐር፣ መብራት፣ ስፖኪዮ፣ ሳይሰበር አንድ አንድ ትርፍ። ትንሹን ክፍያ ለአምስት ትካፈላላችሁ፤ በሚቀጥለው የሚሰበረው የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ባምፐሩ ለሁለት ያልተከፈለ፣ የተሰነጠቀ ብቻ ከሆነ ግን ማዘዙን ተዉትና ፕላስቲክ የሚበይድ ሰው ፈልጉ። ቃሊቲ መንገድ ዳር አንዱ የእኔን በግማሽ ቀን ሠርቶልኛል፤ ቀለሙ ትንሽ አልገጠመም እንጂ ስንጥቁ የት እንደነበር እኔም ፈልጌ ነው የማገኘው።